ሸክም ተሸካሚው፦ የሉኦል ዴንግ ሁለት የሥራ ዘመናት

ስለ አንድ ጫማውን ስለ ሰቀለ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች እንድናገር ስጋበዝ፣ ስመ ጥር የሆኑትን ማይክል ጆርዳንን ወይም ኮቢ ብራያንትን እመርጣለሁ ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። እኔ የመረጥሁት ከጎረቤታችን የበቀለ፣ ስሙም ከእነዚያ ያነሰ የሚጠራ ሰው ነው። ሉኦል ዴንግ ይባላል። በአሜሪካው ኤንቢኤ 15 የውድድር ዘመን ተጫውቷል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የደቡብ ሱዳንን ብሔራዊ ቡድን ለኦሊምፒክ ያበቃው ፌዴሬሽን መሪ ሆኗል።

ዓላማዬን አስቀድሜ ልናገር። የስፖርት ሰው ሕይወት ሲተረክ መንገዱ የታወቀ ነው፤ ችግር፣ ትጋት፣ ሀብት። በዚያ መንገድ ብንሄድ ዴንግን እናደንቀዋለን እንጂ ብዙ አንማርበትም። እኔ ማሳየት የምፈልገው ይህ ሰው በተጫዋችነቱም ሆነ በመሪነቱ የሠራው ሥራ አንድ ዓይነት መሆኑን ነው፤ ሌላው ሰው የማያየውን ሸክም አንሥቶ መሸከም። ሸክሙም ዋጋ አስከፍሎታል። ንግግሬ ሦስት ክፍል አለው። መጀመሪያ ልጁን ማን እንዳሳደገው፣ ቀጥሎ በሜዳ ላይ ምን ዓይነት ተጫዋች እንደ ነበረና ሰውነቱ ምን እንደ ከፈለ፣ በመጨረሻም ቡድን መገንባቱን እንመለከታለን። የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው እንነሣ። ሉኦል ዴንግ በኤፕሪል 1985 ዋው በምትባል የዛሬዋ ደቡብ ሱዳን ከተማ ተወለደ። በ1972 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው ስምምነት የመጀመሪያውን የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት አስቁሞ ነበር። ያ ሰላም በ1983 ፈረሰ። ልጁ የተወለደው ሁለተኛው ጦርነት ከተቀጣጠለ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በዚሁ ጦርነት በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት በእግራቸው ወደ ምሥራቅ ተጉዘው ጋምቤላ ገብተዋል፤ የኢታንግና የፑኝዶ መጠለያዎችን ስም የሚያስታውስ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ አይጠፋም። የዴንግ ቤተሰብ የተሰደደው ግን ወደ ሰሜን ነው። አባቱ አልዶ ዴንግ የፓርላማ አባልና ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው። ልጆቹ ወደ ግብፅ ተሻገሩ፤ ለዓመታትም እዚያው ቆዩ። ኋላ አባትየው በብሪታንያ ጥገኝነት ሲያገኙ ቤተሰቡ ደቡብ ለንደን፣ ሳውዝ ኖርዉድ በሚባል ሰፈር ተሰበሰበ።

ግብፅ ሳሉ አንድ ሰው አገኙ። ማኑት ቦል ነበር። ቁመቱ 2 ሜትር ከ31 ሳንቲሜትር የሆነው ይህ የዲንካ ተወላጅ በ1985 ዋሽንግተን ቡሌትስን ተቀላቅሎ በመጀመሪያው ዓመቱ 397 ኳስ ያገደ፣ በኤንቢኤ ታሪክ የጀማሪ ተጫዋች ክብረ ወሰን የያዘ ሰው ነው። ገንዘቡን ግን ለራሱ አላከማቸም፤ ለደቡብ ሱዳናውያን ጉዳይ አፍስሶ ጨርሶት በ2010 ሲሞት ሀብታም አልነበረም። ይህ ሰው ነው የዴንግን ታላላቅ ወንድሞች ኳስ ያስተማራቸው፤ ታናሽዬውም ከሥራቸው ሆኖ አየ፣ ለመደ። ማኑት ቦልን አትርሱት፤ በሦስተኛው ክፍል እንፈልገዋለን።

ለንደን ሲደርስ ልጁ እግር ኳስ ወዳድ ነበር፤ የአርሰናል ደጋፊነቱም እስከ ዛሬ አብሮት አለ። ብሪክስተን ውስጥ ግን ጂሚ ሮጀርስ የሚባል አሰልጣኝ ብሪክስተን ቶፕካትስ የተሰኘ የቅርጫት ኳስ ክለብ ይመራ ነበር። ክለቡ የሚሠለጥነው በሕዝብ መዝናኛ ማዕከል ውስጥ ነው። ወደ ሮጀርስ የሚመጡት ልጆች አብዛኞቹ የስደተኛና የድሃ ልጆች ነበሩ። እርሱም ከኳሱ በፊት ሰዓት ማክበርን፣ ትምህርት አለማቋረጥን፣ ለቡድን ማሰብን ያስተምር ነበር። ሉኦል 14 ዓመት ሲሞላው ኒው ጀርዚ የሚገኘው ብሌር አካዳሚ የተባለ አዳሪ ትምህርት ቤት ተቀበለው። ትምህርት ቤቱን ሲጨርስ በአገሪቱ ካሉ የዕድሜ እኩዮቹ ሁለተኛው ምርጥ ተጫዋች ነው ተባለ፤ አንደኛው ሌብሮን ጄምስ ነበር። ከዚያ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ቡድኑ በአገሪቱ የዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮና እስከ መጨረሻዎቹ አራት ሲደርስ አብሮ ተጫወተ። በ2004 ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ድራፍት ሰባተኛ ሆኖ በፊኒክስ ሰንስ ተመረጠና ወዲያው ለቺካጎ ቡልስ ተላለፈ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ የተለመደ አባባል እንመርምር። «ስደት አጠነከረው፤ መከራ ነው ለዚህ ያበቃው» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። መከራ ሰውን የሚያጠነክር ቢሆን ኖሮ ከዋው የሸሹት ሁሉ በጠነከሩ ነበር። ስደት የብዙ ሺህ ልጆችን ተሰጥኦ ቀብሯል፤ ከተቀበሩት መካከል ከዴንግ የሚበልጥ ይኖር እንደ ሆነም ማንም ሊያውቅ አይችልም። ዴንግን ያወጡት በየደረሰበት በር የከፈቱለት ሰዎች ናቸው። አንዱ በባዕድ አገር ኳስ አስተማረ፤ ሌላው በአንድ የከተማ አዳራሽ ውስጥ ምሽቱን ለሰው ልጆች ሰጠ፤ አንድ መንግሥት ጥገኝነት ፈቀደ፤ አንድ ትምህርት ቤት ቦታ ሰጠ። ከእነዚህ መካከል አንዱ እንኳ ባይኖር ሰንሰለቱ ይበጠስ ነበር። ማኑት ቦልም ሆነ ጂሚ ሮጀርስ ያንን ያደረጉት ግዴታ ኖሮባቸው አይደለም። ሸክሙን ያነሡት ሌላ የሚያነሣው ስላልነበረ ነው። ልጁ ከኳሱ ጋር ይህንንም ሳይማር አልቀረም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል፣ ወደ ሜዳው እንግባ። ዴንግ በ902 ጨዋታዎች በአማካይ 14.8 ነጥብ አስቆጥሯል። ጥሩ ቁጥር ነው፤ የሚያስደንቅ ግን አይደለም። ይህን ሰው በነጥብ የሚመዝን ሰው ሥራውን አላየም ማለት ነው። የዴንግ ዋና ሥራ የተጋጣሚን ምርጥ አጥቂ መያዝ ነበር። ሌብሮን ጄምስን ወይም ካርሜሎ አንቶኒን ጨዋታውን ሙሉ የሚከተል፣ የሚወዱት ቦታ እንዳይደርሱ የሚያስጨንቅ፣ ተመልሶም በማጥቃቱ የሚሳተፍ ተጫዋች ነበር። በመከላከል ውስጥ ትልቁ ስኬት ተጋጣሚ ያልወረወረው ኳስ ነው፤ ያልተወረወረ ኳስ ደግሞ በመዝገብ ላይ አይሰፍርም። አሰልጣኞች ግን ያዩታል። በ2012 እና በ2013 ለኦል ስታር፣ ማለትም ለሊጉ ኮከቦች ጨዋታ የተመረጠው በአሰልጣኞች ድምፅ ነበር፤ በ2012 በሊጉ ሁለተኛው የምርጥ ተከላካዮች ቡድን ውስጥም ገብቷል።

የቺካጎ ቡልስ ታላላቅ ዓመታት በአሰልጣኝ ቶም ቲቦዶ ዘመን ነበሩ። በ2010–11 ቡድኑ 62 ጨዋታ አሸንፎ ከሊጉ አንደኛ ወጣ። ዓለም የሚያወራው በዚያ ዓመት የሊጉ ኮከብ ስለ ተባለው ስለ ዴሪክ ሮዝ ነበር፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን ቲቦዶ ከሜዳ ማስወጣት የማይፈልገው ተጫዋች ዴንግ ነበር። የኤንቢኤ ጨዋታ 48 ደቂቃ ነው። በ2011–12 ዴንግ በአማካይ 39.4 ደቂቃ፣ በቀጣዩ ዓመት 38.7 ደቂቃ ተጫውቷል፤ በሁለቱም ዓመታት በሊጉ የሚበልጠው አልነበረም። በ2012 መጀመሪያ ላይ የግራ እጁ አንጓ ጅማት ተበጠሰ። ሐኪም ቤት ገብቶ ቀዶ ሕክምና ቢያደርግ የውድድር ዘመኑ ያልቅ ነበር፤ በዚያው ዓመት በለንደን ለሚካሄደው ኦሊምፒክም አይደርስም። ስለዚህ በተጎዳ እጁ መጫወቱን ቀጠለ። በኦሊምፒኩም የተሰለፈው በ2006 ዜግነቷን ለሰጠችው ለብሪታንያ ነበር። ጥገኝነት ሰጥታ ያሳደገችው አገር በመዲናዋ ስትጫወት እርሱ መቅረት አልፈለገም።

በ2013 የጥሎ ማለፍ ውድድር የሆነውን ብዙ ሰው ረስቶታል፤ እኔ ግን ከሕይወቱ ታሪክ ሁሉ አስተማሪው ይመስለኛል። ቡልስ ከብሩክሊን ኔትስ ጋር ሲጋጠሙ ዴንግ በጠና ታመመ። ማጅራት ገትር ይሆን ብለው የጠረጠሩ ሐኪሞች ከጀርባ አጥንቱ ፈሳሽ ቀድተው መረመሩ። ማጅራት ገትር አልነበረም፤ ነገር ግን መርፌው የገባበት ቦታ ፈሳሽ ማፍሰሱን አላቆም ብሎ ከባድ የራስ ምታት አመጣበት። መቆም እስኪያቅተው ደከመ፤ ክብደቱም ወደ ሰባት ኪሎ ያህል ቀነሰ። የቀሩት ጨዋታዎች አመለጡት። በዚህ መካከል «ለምን አይጫወትም?» የሚል ጉርምርምታ ተነሣ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከማንም በላይ ሜዳ ላይ የቆመ፣ በተበጠሰ ጅማት የተጫወተ ሰው ለሁለት ሳምንት ቢተኛ ድፍረቱ ተጠየቀ።

ይህ ምን ይነግረናል? ሸክም የሚሸከም ሰው ሲሸከም አይታይም፤ የሚታየው ሲያስቀምጠው ነው። ከዓመት ዓመት የሰጠው ነገር እንደ ግዴታ ይቆጠርበታል። ስለዚህ እዚህ ላላችሁ አሰልጣኞች በተለይ የምለው አለኝ፤ ከቡድናችሁ ውስጥ «እርሱ አይደክመውም» የምትሉትን ልጅ ነገ ጠርታችሁ ጤንነቱን ጠይቁት። ሰውነት ሒሳቡን ይይዛል። ዴንግ በጃንዋሪ 2014 ወደ ክሊቭላንድ ተላለፈ፤ ከዚያ ማያሚ ገባ። በ2016 ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ለአራት ዓመት 72 ሚሊዮን ዶላር ሲያስፈርመው 31 ዓመቱ ነበር፤ ጉልበቱ ግን በቺካጎ ቀርቷል። በሌከርስ ሁለተኛ ዓመቱ የተጫወተው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። ያ ውል እስከ ዛሬ የመጥፎ ውል ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። እኔ ደግሞ እላለሁ፤ ገንዘቡ የተከፈለው ለመጪው ሥራ ነበር ተባለ እንጂ ሥራው አስቀድሞ በሌላ ከተማ ተሠርቶ አልቆ ነበር። በ2019 ለአንድ ቀን ከቡልስ ጋር ፈርሞ የቺካጎ ተጫዋች ሆኖ ጫማውን ሰቀለ።

ወደ ሦስተኛው ክፍል ከመሻገሬ በፊት አንድ ክስተት ላንሣ፤ ሁለቱን ዘመናት የሚያገናኝ ድልድይ ስለሆነ። በ2014 የአትላንታ ሆክስ ሥራ አስኪያጅ ዳኒ ፌሪ ከክለቡ ባለድርሻዎች ጋር በስልክ ሲነጋገር ስለ ዴንግ ከተዘጋጀ የምልመላ ማስታወሻ አነበበ። ማስታወሻው ሰውዬው ጥሩ ነው፣ ነገር ግን በውስጡ ጥቂት አፍሪካዊነት አለበት የሚል ሐሳብ ነበረው፤ ከፊት ለፊት ያማረ ሱቅ ሆኖ ከጓሮ ሌላ ነገር የሚሸጥ አስመስሎ ሣለው። ነገሩ ሲወጣ ትልቅ ቅሌት ሆነ፤ ፌሪም በቀጣዩ ዓመት ከክለቡ ተለያየ። የዴንግ መልስ ቁጣ የበዛበት አልነበረም። በውስጡ ያለው አፍሪካዊነት ጥቂት ሳይሆን ብዙ መሆኑን፣ በዚህም እንደሚኮራ ተናገረ። መልሱ ለጋዜጣ ማለፊያ ነበር። ቃሉን በተግባር ያሳየው ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ነው።

እነሆ ሦስተኛው ክፍል። ደቡብ ሱዳን ነፃነቷን ያወጀችው ጁላይ 9 ቀን 2011 ነው። በ2013 መጨረሻ ወደ አዲስ የእርስ በርስ ጦርነት ገባች፤ የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን አባል የሆነችውም በዚያው ሰሞን ነበር። ዴንግ በ2019 የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሲሆን ጁባ ደረጃውን የጠበቀ የቤት ውስጥ ሜዳ አልነበራትም። ያሏት ተጫዋቾች ደግሞ በመላው ዓለም ተበትነዋል፤ አውስትራሊያ፣ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ኬንያ፣ ዩጋንዳ። ዴንግ እየደወለ ሰበሰባቸው። ለማሠልጠኛ የሚሆን ሜዳ በውጭ አገር ተከራየ፤ የአውሮፕላን ቲኬትና የሆቴል ወጪ ብዙ ጊዜ ከራሱ ኪስ ወጣ። አሰልጣኝ በሌለበት ጊዜ ራሱ አሰልጣኝ ሆኖ ቆመ። በኤንቢኤ የተጫወተውን ሮያል አይቪን በዋና አሰልጣኝነት አመጣ።

ዕድልም አግዟቸዋል፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ለ2021ዱ የአፍሪካ ዋንጫ የማጣሪያ ዕድል ያገኙት አልጄሪያ በኮሮና ምክንያት በመቅረቷ ነው። በተከፈተው በር ግን ሮጠው ገቡ። ኪጋሊ ላይ ሩብ ፍጻሜ ደረሱ። ለ2023ቱ የዓለም ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ ከ12 ጨዋታ 11ዱን አሸነፉ። በዓለም ዋንጫው ቻይናን፣ ፊሊፒንስንና አንጎላን ረተው 17ኛ ሆኑ፤ ከአፍሪካ ቡድኖች ሁሉ በላይ በመሆናቸውም የፓሪስ ኦሊምፒክን ትኬት ቆረጡ። አገሪቱ ነፃ ከወጣች ገና 12 ዓመቷ ነበር።

ከፓሪስ በፊት በጁላይ 20 ቀን 2024 ለንደን ላይ ከአሜሪካ ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ነበራቸው። የተጫወቱበት ኦ2 አዳራሽ የሚገኘው ዴንግ በልጅነቱ ባደገበት በደቡብ ለንደን ነው። እስከ እረፍት ደቡብ ሱዳን በ16 ነጥብ መራች። ሊያልቅ ስምንት ሰከንድ ሲቀረው የአሜሪካን ቡድን አንድ ነጥብ አስቀድሞ ያዳነው የዴንግ የዕድሜ እኩያ ሌብሮን ጄምስ ነበር፤ ውጤቱ 101 ለ100 ሆነ። ከስምንት ቀን በኋላ በሊል ከተማ በተደረገው የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ጨዋታቸው ሌላ ነገር ገጠማቸው። ተጫዋቾቹ ተሰልፈው ሳለ በስሕተት የሱዳን ብሔራዊ መዝሙር ተከፈተ፤ ለመለየት ትውልድ ያለቀባት የዚያችው አገር መዝሙር። ቆይቶ ታረመ። እነርሱም ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 አሸነፉ። በአሜሪካና በሰርቢያ ተሸንፈው ከምድባቸው አላለፉም፤ ግን ከዚያ በኋላ መዝሙራቸውን የሚያሳስት የሚኖር አይመስለኝም።

ይህ ሁሉ ያማረ ነው። እዚህ ላይ ግን አድናቆታችንን ገታ አድርገን እንጠይቅ። የአንድ አገር ብሔራዊ ቡድን በአንድ ሰው ኪስ ላይ ሲቆም ጤናማ ነውን? ያ ሰው ቢታመም፣ ቢደክም፣ ወይም ከባለሥልጣን ጋር ቢጣላ ቡድኑ ምን ይሆናል? ማኑት ቦልን አስታውሱ። እርሱም ገንዘቡን ሁሉ ለሕዝቡ ሰጥቷል፤ ልግስናው ከማንም አያንስም። ያለውን ሲጨርስ ግን ሥራውን የሚረከብ ተቋም አልነበረም። ዴንግ ከእርሱ የተለየው በደግነት አይደለም፤ ገንዘቡን በፌዴሬሽን፣ በአሰልጣኝ፣ በማጣሪያ ውድድር ውስጥ ማለትም ሌላ ሰው ሊረከበው በሚችል ነገር ውስጥ በማፍሰሱ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ሆኖም ገና ሙሉ አይደለም። ቺካጎ ውስጥ አንድ ተጫዋች ለ40 ደቂቃ ያህል እየተሸከመ ቡድን አሸነፈ፤ የሸክሙን ዋጋ ግን የከፈለው ተጫዋቹ ብቻውን ነበር። ፌዴሬሽኑ ያንኑ ስሕተት እንዳይደግም መንግሥትም፣ ባለሀብትም፣ ደጋፊም ከሸክሙ ጫፍ መያዝ አለባቸው።

ተስፋ የሚሰጥ ምልክት አለ። ከፓሪሱ ቡድን ውስጥ ካማን ማሉዋች የተባለ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ያደገው ዩጋንዳ ነው። ኳስ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ሴኔጋል በሚገኘው የኤንቢኤ አካዳሚ ገባ፤ ከዚያ እንደ ዴንግ በዱክ ዩኒቨርሲቲ አለፈና በ2025ቱ ድራፍት አሥረኛ ተመረጠ። የሁለቱን መንገድ አስተያዩ። ዴንግ ከግብፅ እስከ ብሪክስተን በእያንዳንዱ መሻገሪያ ላይ አንድ ደግ ሰው ቆሞ ማግኘት ነበረበት። ማሉዋች ግን ከአፍሪካ ሳይወጣ አሰልጣኝ፣ ትምህርት ቤትና የሚሰለፍበት ብሔራዊ ቡድን አግኝቷል። ተሰጥኦው እንደ ዴንግ የራሱ ነው፤ መንገዱ ግን በከፊል የተጠረገ ነበር።

ክቡራትና ክቡራን፣ ልደምድም። ከሉኦል ዴንግ ሕይወት እኛ ልንወስደው የሚገባን «እንደ እርሱ ጠንክሩ» የሚል ምክር ብቻ አይደለም፤ ወጣቶቻችን መጠንከር አላነሳቸውም። በየክፍለ ከተማው፣ በየትምህርት ቤቱ ግቢ ያለ ደመወዝ ልጆች የሚያሠለጥኑ ሰዎች አሉን። ኳስ የሚገዙት ከኪሳቸው ነው፤ ለልጆቹ የትራንስፖርት የሚሰጡትም እነርሱ ናቸው። እናመሰግናቸዋለን፤ ምስጋናችን ግን ሸክሙን እዚያው ትከሻቸው ላይ የሚተው ከሆነ ዋጋ የለውም። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ከእነዚህ ሰዎች አንዱን ፈልጉ፤ የሜዳ ኪራይ፣ የኳስ፣ የሕክምና ወጪውን አንድ ክፍል በቋሚነት ያዙለት። ሰውዬው ሲደክመው ሥራው እንዳይቆም ማድረግ የእኛ ድርሻ ነው።